ዓሣ፣ ዓሳ፣ አሳ፦ ለኦንላይን ፈተና ኮሚቴ ሰብሳቢ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ዘውዱ፣
የምሥራቀ ጉና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኦንላይን ፈተና ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ደብረ ታቦር
የካቲት 2012 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የጉና ብርድ ጉልበትዎን አልነካውም? ኮምፒውተሮቹስ ደኅና ናቸው? እኔ በመምህራን ስብሰባ ፊት ከደረሰብኝ ውርደት በቀር፣ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይድረሰውና፣ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት እርስዎን ለመክሰስ እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። የዐማርኛ መምህር ሆኖ፣ ራሱ ባወጣው የዐማርኛ ፈተና የወደቀ ሰው ማንን ለመክሰስ አፍ ይኖረዋል? የተነሣሁት ለማመስገን ነው፤ ምስጋናዬም በርከት ስለሚል በቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ሥልጠናው። ከሻይ ሰዓት በኋላ ተጀምሮ ከምሳ በፊት ያለቀው ሥልጠናዎ ሦስት ዐይነት ጥያቄ ማዘጋጀት እንደሚቻል አሳይቶናል፦ ምርጫ፣ እውነት ወይም ሐሰት፣ ባዶ ቦታ ሙላ። ባልደረቦቼ ብልሆች ስለሆኑ ምርጫን መረጡ። እኔ ግን «ምርጫ የሰነፍ ፈተና ነው፤ ዐይኑን ጨፍኖ ያጠቆረም ያልፋል» እያልሁ ለዓመታት ስሰብክ የኖርሁ ሰው ነኝና፣ ፈተናዬን ከዳር እስከ ዳር በባዶ ቦታ ሙላ አዘጋጃለሁ ብዬ በሰው ፊት ፎከርሁ። እርስዎም አጨበጨቡልኝ። ለጭብጨባው አመሰግናለሁ፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው እጄን ቢይዘኝ ኖሮ ግን የበለጠ አመሰግን ነበር።

፪ኛ፦ ስለ ባዶው ቦታ አፈጣጠር። በወረቀቱ ዘመን ባዶ ቦታ መፍጠር ማለት መስመር ማስመር ነበር፤ እኔም ከትምህርት ቤቱ በተዋስሁት ላፕቶፕ ላይ ቤቴ ቁጭ ብዬ መስመር አሰመርሁ። ሶፍትዌሩ ግን መስመሬን እንደ ጌጥ ቆጥሮ፣ ተማሪ የሚጽፍበት ሣጥን አላወጣ አለኝ። ባዶው የሚፈጠረው መልሱን በቅንፍ ውስጥ ሲጽፉት እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ሶፍትዌሩ ራሱ መልሱን ደብቆ ሣጥኑን እንደሚያወጣ የተረዳሁት ከብዙ መከራ በኋላ ነው። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ድንች እየላጠች ስትመለከተኝ ቆይታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ባዶ ቦታ አጥተህ ነው እንዲህ የምትቃጠለው? ጭንቅላትህን አታስገባበትም?» አለችኝ። ትዳራችን ደኅና ነው፤ ስለሚያስቡልን አመሰግናለሁ።

ባዶው ሲገኝ ደግሞ ፊደሉ ጠፋ። ሐመሩን ሐ ስፈልግ ሃ ይመጣል፤ ዐይኑን ዓ ስነካ አልፋው አ ብቅ ይላል። በክፍል ውስጥ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ያልለየ ተማሪ ላይ ማርክ የምቆርጠው እኔ፣ ያን ቀን «ፈታኙ እኔ ነኝ፤ ማሽኑ ነገሩ ይገባዋል» ብዬ የመጣውን ፊደል ሁሉ ተቀበልሁ። ፀሐይን «ጸሃይ»፣ ኃይልን «ሀይል»፣ ዓሣን «አሳ» ብዬ አስገብቼ በኩራት ተኛሁ። ማሽኑ ከተሰጠው ፊደል ሌላ እንደማይቀበል፣ መልሱንም በየአጻጻፉ መደርደር ይቻል እንደነበር ሥልጠናው አልነገረንም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ የሚጠይቅ ሰው አያውቅም እንዳይባል ፈርቼ።

፫ኛ፦ ስለ ፈተናው ቀን። እንግዶች ተጋብዘው፣ ሪባን ተቆርጦ፣ ልጆቹ ፈተናውን እንደጨረሱ ውጤቱ ወዲያው ስክሪኑ ላይ መጣ። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ አንዷ አለቀሰች፤ በመጨረሻም ክፍሉ በሙሉ መውደቁ ታወቀ። እርስዎም ለእንግዶቹ «በአዲሱ አሠራር ኩረጃ ሙሉ በሙሉ ተወግዷል» ብለው ገለጹ። እውነትዎን ነው፤ የሚኮረጅ ሰው አልተገኘም።

ከወዳቂዎቹ መካከል ሙኒራ ነበረች። ሙኒራ የገበያው የጨርቅ ነጋዴ የአቶ ጀማል ልጅ፣ የክፍሉ አንደኛ ናት። ባሕር ዳር ያለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት በዐማርኛ ፈተና ብልጫ ያላትን ወይም ያለውን አንድ ተማሪ በነጻ ለማስተማር ጠይቆን፣ ውጤቱ ዐርብ መላክ እንዳለበት እርስዎም ያውቃሉ። «____ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ለሚለው ጥያቄ «ዓሣ» ብላ ጽፋለች፤ ማሽኑም በቀይ ሰርዞባታል። ወደ እኔ መጥታ፣ «መምህር፣ ዓሣ በዐይኑ ዓና በንጉሡ ሣ ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም?» አለችኝ።

«ነኝ» አልኋት።

«ታዲያ የተሳሳተው ማን ነው?»

ሃያ ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ጣሪያውን እያየሁ «ቆይ እስቲ፣ አጣራለሁ» አልኋት። ካደረግሁት ሁሉ እስካሁን ፊቴን የሚያቀላው ይኸኛው ነው።

በማግስቱ አቶ ጀማል ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «መምህር፣ ልጄ እህል አልቀመሰችም። ሰነፍ ከሆነች በግልጽ ይንገሩኝና ከእኔ ጋር ሱቅ ትግባ። ካልሆነች ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ልወቅ» አሉኝ። የእኔ ነው ለማለት አፌን ስከፍት፣ «ኮሚቴውን አነጋግሬ እመጣለሁ» የሚል ቃል ወጣ።

፬ኛ፦ ስለ አቀባበልዎ። ወደ ቢሮዎ ስሮጥ መጥቼ ፈተናው ይከፈትልኝ፣ መልሱን ላስተካክል ብዬ ስለምን፣ ረጋ ብለው «ሲስተሙ አይሳሳትም። መልሱን ያስገባው መምህሩ ነው፤ መምህሩ ደግሞ መልሱን ያውቃል» አሉኝ። ስለጣሉብኝ እምነት ከልብ አመሰግናለሁ። እምነቱ ስለከበደኝ ነው «እንግዲያውስ በመምህራን ፊት እኔው ራሴ ልፈተን» ያልሁት።

ስብሰባው ተጠራ፤ ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ዓለሚቱም ተገኙ። ጉልበቴ ከተማሪ ጠረጴዛ ጋር እየተጋጨ ተቀመጥሁ። ሰው እያየኝ ስለነበር ሐመሩንም፣ ብዙኃኑንም፣ ዐይኑንም በየቦታቸው፣ ልክ እንዳስተማርሁት አድርጌ ጻፍሁ። ዐረፍተ ነገር ሳይዘጋ እጄ ስለማያርፍ፣ ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ አራት ነጥብ ጨመርሁ። «አስረክብ» የሚለውን ስነካው ስክሪኑ ዜሮ አወጣ፤ ከሥሩም «አልተሳካልዎትም፤ በርትተው ያጥኑ» የሚል ምክር አስከተለ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግየት ብዬ።

ያን ጊዜ እርስዎ ሲነሡ፣ «ችግሩ ታወቀ» ሊሉ ነው ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እርስዎ ግን «መምህሩ የዕውቀት ክፍተት እንዳለበት በሲስተሙ ተረጋግጧል» ብለው የአቅም ማጎልበቻ ሥልጠና እንድወስድ ወሰኑ። ከሥራዬ ስላላባረሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ግን ከሳቁ የተነሣ ያነባ ዐይናቸውን እየጠረጉ፣ «መምህር፣ የልጆቹ መልስ አለ ወይስ ጠፋ?» ብለው ጠየቁኝ። አለ፤ ሶፍትዌሩ አንዱንም አልጣለም። «እንግዲያውስ ያትሙትና በእጅዎ ያርሙት፤ እኔ እፈርምበታለሁ» አሉ። ወረቀቱን ታቅፌ ቤቴ ገባሁ፤ ጥሩወርቅ የእያንዳንዱን ተማሪ መልስ ጮክ ብላ ታነብልኛለች፣ እኔ አርማለሁ። ዓሣም፣ ዓሳም፣ አሳም ማርክ አገኙ። «አዞ» ያለው ልጅ ግን አላገኘም፤ ምንም ቢሆን መምህር ነኝ። ሙኒራ ከሁሉ በለጠች፤ ውጤቱም በርእሰ መምህርቷ ፊርማ ዐርብ ተላከ፤ አዳሪ ትምህርት ቤቱም ተቀበላት።

ለአቶ ጀማል የሆነውን ሁሉ ሱቃቸው ድረስ ሄጄ ነገርኋቸው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ስናገርም በዚህ ጊዜ አፌ አልከዳኝም። እሳቸውም ጨርቁን መለካት አቁመው ካዳመጡኝ በኋላ፣ «እርስዎስ ስንት አገኙ?» አሉኝ። «ዜሮ» ብላቸው ሳይስቁ፣ እንደ ሐዘንተኛ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «አላህ ያበርታዎት» አሉኝ።

ሙኒራን መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል «የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ልክ ነበርሽ» አልኋት።

«ዐውቅ ነበር መምህር» አለችኝ። «እርስዎ እስኪሉት ነው የጠበቅሁት።»

ስለዚህ ክቡር ሰብሳቢ፣ ፭ኛ ምስጋና የለኝም፤ ከዚህ በላይ ባመሰግንዎ ሽንገላ ይመስልብኛል። አንዲት ልመና ግን አለችኝ፦ ለሚቀጥለው ፈተና ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት፣ እርስዎም አንድ ጊዜ ቁጭ ብለው ይፈተኑልኝ። ወንበሩ ጉልበት ይነካል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

ኮሚቴዎን ያስፋልዎ፤ መብራትዎን አያጥፋብዎ፤ ከባዶ ቦታም ይጠብቅዎ።

በሲስተሙ ተፈትኖ የወደቀ፣ በሚስቱ ተመክሮ ያልሰማ፣ በተማሪው ታርሞ የዳነ ትሑት ባልደረባዎ፣

መምህር ፈንታሁን
የዐማርኛ ቋንቋ መምህር (ዜሮ ከመቶ)

ማስታወሻ፦ ወደ አቅም ማጎልበቻው ሥልጠና የሚጠራው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የተጻፈው ግን «ለመምህር ፋንታሁን» ተብሎ ነው፤ እኔ ደግሞ ፈንታሁን ነኝ። በድሮው ልማድ ቢሆን «ያው እኔን ማለታቸው ነው» ብዬ ከተፍ እል ነበር፤ በእርስዎ ደንብ ግን አንዲት ፊደል የሳተ መልስ መልስ አይደለም። መምህር ፋንታሁን የሚባለው ሰው በተገኘ ጊዜ ደብዳቤውን አደርስለታለሁ። ሥልጠናው ሳያስፈልገው አይቀርም።