ካልጋለ የማይዘው ፍሬን

ልጄ፣
የመኪናውን ቁልፍ ይዤው ሄጃለሁ፤ አትፈልገው።
እህትህን በታክሲ ትምህርት ቤት አድርሳት።

ያ ያስገጠምከው የውድድር መኪና ፍሬን ሸራ በደንብ ካልጋለ አይዝም አለኝ መካኒኩ። እኛ ደግሞ ገና ሳይግል መስቀለኛው መንገድ ላይ ነን። ትናንት ጠዋት ፍሬኑን እየረገጥከው መኪናው ቀይ መብራት ጥሶ ሲያልፍ፣ እህትህ ከኋላ ትስቅ ነበር።

«እማ፣ አትፍሪ፣ ይሄ እኮ የሻምፒዮኖች ነው» ትለኛለህ። እኛ ከማን ጋር ነው የምንሽቀዳደመው?

የድሮውን ሸራ እንዳትጥለው። መካኒኩ ከሰዓት መጥቶ ይመልሰዋል።

ትናንት በጓደኞችህ ፊት «ነፍሰ ገዳይ» ያልኩህ...
ምሳህ ምድጃው ላይ ነው።

ሸራው ከተመለሰ በኋላ መጀመሪያ የምነዳው እኔ ነኝ፤ ብቻዬን።

እናትህ