የአባትሽ ግራ እጅ

ኮምቦልቻ
ኅዳር 13 ቀን 2010 ዓ.ም.

ልጄ እየሩስ፣

እንዴት ሰነበትሽ? የጎንደርን ብርድ ለመድሽው? እኔ ደህና ነኝ፤ መቀመጥ ብቻ አቃተኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስቴ ጀምሬ ቀደድኩት። ከትናንት ወዲያ ሁለት ጊዜ ደውዬ የተቋረጠብሽ በኔትወርክ አይደለም። ድምፅሽን ስሰማ እኔው ነኝ የዘጋሁት።

ኦኩፔሽናል ቴራፒ ልማር ስትዪኝ፣ «ማጉረስና ማልበስማ አባትሽን አራት ዓመት ያለ ዲግሪ አስታምሜበታለሁ፤ ፋርማሲ ግቢ!» ብዬ ተቆጣሁሽ። አንቺም «እማ፣ ማጉረስ እኮ አይደለም። በሽተኛው ራሱ እንዲጎርስ ማስቻል ነው» አልሽኝ። ይህ ቃልሽ ነው አላስቀምጥ ያለኝ። የጠረግሁትን ቤት መልሼ እጠርጋለሁ።

ሰኞ ለደም ግፊቴ ነው ብዬ ደሴ ወጣሁ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እንደ አባትሽ ግማሽ ጎናቸው የማይታዘዝ ሽማግሌ የኮታቸውን ቁልፍ ለመቆለፍ ይታገላሉ። ሚስታቸው ሊያግዟቸው እጃቸውን ሲዘረጉ ከሊድ የሚባል ያንቺው ሙያ ያለው ወጣት ከለከላቸው።

«እማማ፣ ይተዉአቸው።»

«ኧረ ልጄ፣ እስኪመሽ ልንቆም ነው?»

«ይምሽ።»

«አርባ ዓመት ያለበሰችኝ እሷ ናት፤ ዛሬ ገና ተቆጪ አገኘች» አሉ ሽማግሌው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ወጥቼ እስከ ፒያሳ በእግሬ ሄድኩ፤ ሚኒባስ መኖሩንም ረሳሁት።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አንቺ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። አባትሽ ቀኝ ጎኑ በሰነፈ በዓመቱ የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራ እኛ ጋ ደረሰ። ሰው መሶቡን ከቦ ተቀምጧል። አባትሽ ወንድምአገኘሁ ግራ እጁን ወደ እንጀራው ሰደደ። በግራ እጅ፣ በማኅበር ፊት! አፈርኩ። እጁን ይዤ ጭኑ ላይ መለስኩለትና «እኔ አጎርስሃለሁ» አልኩት። ማኅበርተኛው «ሚስት እንዲህ ናት!» ብሎ መረቀኝ። እሱ ዐይኔን ዐይኔን አየኝ፤ ከዚያ አፉን ከፈተ።

ከዚያ በኋላ እስኪያርፍ ድረስ ያን እጁን ለምንም አላነሳውም። አንቺን ለመዳበስ እንኳ። ሰው «በሽታው ጎዳው» ይላል። እኔም እንደዚያው ስል ኖርኩ።

ትናንት ሚካኤል ነበር። ጎረቤታችን ስመኝ ምሳ ልትበላ መጣች። ቀኝ እጄን በነጠላዬ ጠቅልዬ በግራዬ ቆረስኩ።

«አልጣሽ! ምን ነክቶሽ ነው?»

«ልሞክረው ብዬ።»

«በዓመት በዓል? ነውር አይደል እንዴ!»

«ይሁን፣ ነውር ነው።»

ሁለቱ ጉርሻ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ሦስተኛው አገጬ ላይ ቀረ። ስመኝ አላስችል ብሏት ጠቅልላ ወደ አፌ ስታመጣው እጇን ያዝኩት። «ተዪኝ፣ ልድረስበት» አልኳት። አራተኛው ገባ። እኔ ሳለቅስ እሷ የምስቅ መስሏት ሳቀች።

የትምህርት ክፍል መምረጫው ቅጽ እስከ ሰኞ ነው ብለሻል። ፋርማሲ ያልኩሽን ሰርዢው። ስመኝ ነገ እህቷን ልትጠይቅ ወደዚያ ስለምትመጣ ደብዳቤውን በእጇ እልክልሻለሁ።

ሚካኤል ከፊትሽ ይቅደም። የምትይዢው እጅ ሁሉ ይታዘዝልሽ።

እናትሽ አልጣሽ

ይድረስሽ ብዬ የጨመርኩት፦ የመጀመሪያ በሽተኛሽን ስታስለምጂ ሚስቱን ከክፍሉ አታስወጫት። አጠገቡ አስቀምጫትና ረጋ ብለሽ ንገሪያት። የሚነግራት ካገኘች እጇን ትሰበስባለች።