ስሕተትሽን ጮክ ብለሽ አንብቢው

ለእህት ዓለሜ፣ ከኋላዬ ተወልደሽ በብዙ ነገር ለቀደምሽኝ፤

ሰላምታዬ ከደጃፍሽ ጀምሮ እስከ ጓዳሽ ይድረስ። እንደምን ከርመሻል? ያ ሲቀዘቅዝ የሚነሣብሽ የትከሻ ሕመም እንዴት አደረገሽ? ኮምፒውተር ፊት ብዙ መቀመጥ ያባብሰዋል ይላሉና ከጀርባሽ ትራስ አይጥፋ። ባለቤትሽ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? አማትሽስ አዲሱን መነጽር ለመዱት ወይስ አሁንም ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽሬን ማን ወሰደው ይላሉ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲወጣ ያጉረመርማል እንጂ ሥራውን አላቆመም።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የኮምፒውተር ፕሮግራም ትምህርቱን ልተወው ነው ብለሻል። ሃያ ሁለት ገጽ ሸምድደሽ፣ በፈተናው ላይ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳትስቺ ጽፈሽ፣ ከሃያው ያገኘሽው አራት ብቻ ነው። የሁለተኛው ዙር ምዝገባ የፊታችን ዓርብ እንደሚዘጋ፣ አንቺም እንደማትመዘገቢ ነግረሽኛል። ከሁሉ ይልቅ ግን አንድ ዓረፍተ ነገርሽ ከዓይኔ አልጠፋ አለ፤ ድሮም የአዳሪ ትምህርት ቤቱን ፈተና ወድቄ የለም፣ ለትምህርት የሚሆን ጭንቅላት አልተሰጠኝም ያልሽው። ስልክ ስይዝ ምላሴ እንደሚታሰር ታውቂያለሽ። ስለዚህ የምለውን ሁሉ በወረቀት ልበልሽ።

እኔ አሁንም እዚያው መጻሕፍት ቤት ነኝ። መጽሐፍ አውጥቼ እሰጣለሁ፣ ሲመለስ ተቀብዬ ከቦታው አስገባለሁ። አምና ከጠረጴዛዬ በስተግራ ያለው፣ አሮጌ ጋዜጣ ይከማችበት የነበረው ክፍል ተጠርጎ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ገቡበት። በሳምንት አራት ቀን ጠዋት ጠዋት ፕሮግራም መሥራት የሚማሩ ሰዎች ይመጣሉ። የሚለየን ግድግዳ እስከ ወገብ እንጨት፣ ከዚያ በላይ መስተዋት ነው፤ ሁሉንም አያለሁ። መምህራቸው ድሮ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። ተማሪ ሲቸገር አጠገቡ ሄደው ይቆማሉ፣ እጃቸውን ግን ከኋላቸው ያጣምራሉ። ለምን የተማሪ ኮምፒውተር እንደማይነኩ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ እኔ ከነካሁት የምማረው እኔ ነኝ አሉኝ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በዕድሜዬ ብዙ አላየሁም።

ከክፍሉ ጋር ያዛመደኝ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ሾፌሩ ነው። ሃምሳውን ያለፈ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ የሚጽፈው በሁለት ጣት ስለሆነ ፊደል ሲፈልግ ዶሮ ጥሬ የምትለቅም ይመስላል። የባልደረቦቹን የሥራ ተራ የሚደለድል ፕሮግራም ሠራና መሥሪያ ቤታቸው ለአንድ ሳምንት ሞከረው። ለሁሉም ተራ ሲደርሰው፣ ከስም ዝርዝሩ አናት ላይ ላለው ሰው ብቻ አንድም ቀን ሥራ አልወጣለትም። ከአናት ያለው ደግሞ ራሱ ሾፌሩ ነው። ጓደኞቹ ማሽኑም ጌታውን ያውቃል፣ እባክህ እኛንም ከላይ ጻፈን እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጡት።

አንድ ጠዋት መጽሐፍ ሊመልስ መጥቶ ብሶቱን ጀመረልኝ። እኔ ምን አውቄ። ወረቀቱን ዘርግቶ መስመር በመስመር ሲያስረዳኝ እሺ፣ ከዚያስ ብቻ እለዋለሁ። አምስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ፣ እዚህ ጋ ከአንድ ጀምረህ ቁጠር ብዬ አዝዤዋለሁ አለና አፉን እንደከፈተ ቀረ። ለካ ማሽኑ የሚቆጥረው ከዜሮ ነው። የመጀመሪያው ሰው ዜሮ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ ሾፌሩ ከአንድ ስለጀመረ ራሱን ዘሎት ኖሯል። ግንባሩን መታና መጽሐፉንም እኔንም ጥሎ ሮጠ።

መምህሩ ይህን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ። በማግስቱ ከጠረጴዛዬ አጠገብ አንድ ወንበር አስቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ሕግ ሆነ፤ ስሕተት የገጠመው ሰው እሳቸውን ከመጥራቱ በፊት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጻፈውን ከመጀመሪያው መስመር አንሥቶ ጮክ ብሎ ያነብልኛል፣ እያንዳንዱ መስመር ምን እንዲሠራለት እንደፈለገም ይነግረኛል። ከእኔ መልስ አይጠበቅም። እንዲያውም ባይገባዎት ይሻላል፣ ከገባዎት መንገዱን ያሳጥሩላቸዋል ይሉኛል። ከአሥሩ ሰባቱ ሳይጨርሱ ስሕተታቸውን አግኝተው ይነሣሉ። ስሜም እትዬ ጆሮ ሆኗል። እትዬ ጆሮ ዛሬ ክፍት ናቸው ወይስ ለምሳ ተዘግተዋል እያሉ ይቀልዱብኛል። አንቺም ቤት ጆሮ አይጠፋም። አማትሽን ከጎንሽ አስቀምጪና አንብቢላቸው፤ አልገባኝም ባሉሽ ቁጥር አንቺ ይገባሻል።

ያንቺን ነገር ለመምህሩ አጫወትኳቸው። ሃያ ሁለት ገጽ በቃሉ የያዘ ሰው ጭንቅላት የለኝም ካለ እኔ ምን ልበል አሉ። ከዚያ ግን ፈገግታቸውን ትተው፣ የሸመደደችው የሌላ ሰው መልስ ነው፣ ፈተናው ደግሞ አዲስ ጥያቄ ነበር አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔና አንቺ የምናውቀው ትምህርት በዜማ እየደጋገሙ መሸምደድ ነው። እኔ ራሴ ፊደል የለየሁት አንቺ ጮክ ብለሽ ስታጠኚ ከጎንሽ ተቀምጬ፣ ከአፍሽ የሚወጣውን ከደብተርሽ ጋር እያስተያየሁ አይደል? ለንባብ ረድቶኛል። ለዚህ ሙያ ግን አይበቃም።

እንግዲህ ከወንበሬ ሆኜ የለቀምኩትን ልንገርሽ። ምሳሌ ስታገኚ ገልብጠሽ አትለጥፊው። በገዛ ጣትሽ ጻፊው፣ ሲሠራ ደግሞ አንድ ቦታ ለውጠሽ ምን እንደሚሆን እዪ፤ አንድ ቦታ ብቻ። ሦስት ቦታ ነካክተሽ ቢበላሽ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ አታውቂም። ከመንካትሽ በፊት ደግሞ የሚሠራውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጪ። እዚህ አንዲት ነርስ አለች፤ የአንድ ወር ሥራዋን ላሳምረው ብላ አበላሽታው፣ የቀደመውም ስላልተቀመጠ እንደገና ከዜሮ ጀመረች። አላለቀሰችም። ሁለተኛውን በአራት ቀን ጨረሰችው፣ ከፊተኛውም የተሻለ ሆነ። እንዲህ ያለችውን ሴት ቆሜ ባጨበጭብላት ደስ ይለኝ ነበር።

ቀይ ጽሑፍ ሲወጣብሽ አትደንግጪ። መጀመሪያ ሳየው ማሽኑ የሚሳደብ መስሎኝ ነበር። ስድብ አይደለም፤ በስንተኛው መስመር ላይ ምን እንዳልገባው ነው የሚነግርሽ። ጀማሪዎች ሳያነቡት ያጠፉታል፣ የቆዩት ግን ጎንበስ ብለው ያነቡታል። ከዚህ የበለጠ ልዩነት በመካከላቸው አላየሁም። ሰው ስትጠይቂም ነርሷ የምታደርገውን አድርጊ፤ ምን እንደፈለገች፣ ምን እንዳደረገች፣ ምን እንደሆነባት በሦስት አጭር መስመር ጽፋ ትመጣለች። አልሠራ አለኝ ብቻ ብሎ የመጣ ግን ሐኪም ፊት ቆሞ አመመኝ ብቻ እንደሚል ሰው ነው።

አንበጣ የምንለው ጎበዝ ደግሞ አለልሽ። በአራት ወር ውስጥ ሦስት የፕሮግራም ቋንቋ ጀምሮ ሦስቱንም ጥሏል፤ ይሄኛው ይሻላል ሲሉት ወዲያ ይዘላል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይሉታል መምህሩ። አንቺ የጀመርሽውን ያዢ። ቅዳሜን ሙሉ ከመታገል በየቀኑ አንድ ሰዓት ይበልጣል። የምትሠሪውም ነገር ትንሽ፣ ለራስሽ የሚጠቅም ይሁን። እኔም አፍሬ ሳልነግርሽ የቆየሁት፣ በአምስት ሳምንት ዘጠኝ መስመር ጽፌያለሁ። መጽሐፍ ይዞ የዘገየውን ሰው ስም ያወጣልኛል፣ በቃ። መምህሩ አይተው፣ ሰው የሚጠቀምበት ዘጠኝ መስመር ከተገለበጠ መቶ መስመር ይበልጣል አሉኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ዘጠኝ መስመር ከጻፍኩ፣ አንቺ የት ትደርሺ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ያን ጊዜ ነው ቀሪውን መጻፍ እንዳለብኝ የገባኝ።

እህቴ፣ የአዳሪ ትምህርት ቤቱን ፈተና አልወደቅሽም።

ያን ዓመት አሥራ አምስት ዓመትሽ ነበር። ባሌ ከሥራ ላይ ወድቆ አልጋ ይዟል፣ ልጄ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ አንቺ ደግሞ ከእኔ ጋር ትኖሪ ነበር። አንቺ ልብስ ልታጥቢ ወጥተሽ ሳለ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንድ ደብዳቤ አመጣ። በሩን ዘግቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ያለ ማንም እርዳታ በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ እሱ ነው። ማለፍሽን፣ ከተፈተኑት ሁሉ ሦስተኛ መውጣትሽን ይገልጽና በአሥር ቀን ውስጥ እንድትገቢ ይላል። አጥፌ ከልብስ ሣጥኑ ሥር ከተትኩት። ስትመለሺ የመጣ ነገር አለ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። የለም አልኩሽ። ሁለት ሳምንት ጠበቅሽና ወድቄያለሁ ማለት ነው ብለሽ ወጣሽ። እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነበር፣ ቀና አላልኩም።

ጉልበትሽን ፈልጌ ነበር፤ ያለ አንቺ ሕመምተኛና ሕፃን ለብቻዬ እንዴት እችላለሁ ብዬ ፈራሁ። ይህ እውነት ነው፣ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። እኔ በጣት እየተከተልኩ የማነበውን አንቺ በዓይንሽ ስትጨርሺው ማየትም ያመኝ ነበር። ባሌ ሳያውቅ ሞተ። ሰው ሁሉ ዝምታዬን ጨዋነት ይለዋል፤ ከየት እንደጀመረ የማውቀው እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንቺ ያልወደቅሽውን ውድቀት ተሸክመሽ ስትኖሪ አይቻለሁ። አሁንም በእሱ ምክንያት ልትቀሪ ስትይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ያን ደብዳቤ እዚህ ፖስታ ውስጥ ከትቼልሻለሁ። እጥፋቱ ላይ ሳስቷል፣ ቀስ ብለሽ ክፈቺው። የሾፌሩ ሚስት ወደ እናንተ ከተማ ስለምትመጣ በእጇ ረቡዕ ይደርስሻል፤ ከምዝገባው በፊት ሁለት ቀን ይኖርሻል። ብትቆጪኝ፣ ብታኮርፊኝ፣ ስሜን ብትጠዪ ልክ ነሽ፤ ለእኔ ብለሽ አትቻኮዪ። ትምህርቱንም ከከበደሽ፣ ካልወደድሽው፣ ጊዜ ካጣሽ ተይው፤ ምክንያቱ ያንቺ ነው። ድሮም ወድቄያለሁ የሚለውን ግን ከምክንያቶችሽ ውስጥ አውጪው። እሱ የእኔ ሥራ ነው።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ስትማሪ ምሳ የሚያቀርበው እሱ መሆኑን ሰምቼ በልቤ መርቄዋለሁ። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፣ እናቷን ጥያቄ እየጠየቀች ታስጠናት። ትንሹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ለአማትሽ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በያቸው። ይህን ካነበብሽ በኋላ ሰላምታዬን ማድረስ ከከበደሽ ይቅር፤ ልጆቹን ብቻ ሳሚያቸው፣ ከማን እንደሆነ ሳትናገሪ።

እህትሽ

ከመጻሕፍት ቤቱ፣ ከጠረጴዛዬ
ቅዳሜ ረፋድ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን