ስጦታ በጊታር የተጫወተችው የሙሽራ ዘፈን

ለምወድዎና ለማከብርዎ እህቴ ለእትዬ ታየች፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ሲወጡ ማመሙን ተወዎት? የጋሽ የሺዋስ የዓይን ሕክምና ምን ላይ ደረሰ? ዋለልኝ ሥራ ቀናው? አዲሷ ሙሽራችን እምነትና ባለቤቷ ሐዲስ ቤታቸውን አደላደሉ? ዘንድሮ ጅማ ዝናቡ ቀድሞ ገባ ሲሉ ሰምቼ፣ የጓሮው በር እንደ አምናው ውሃ እያስገባ አስቸግሯችሁ ይሆን እያልኩ ሳስብ ሰነበትኩ። እኛ ተመስገን፣ ሦስታችንም በጤና አለን። ናኦሚ በቁመት እኔን ልትደርስ ምንም አልቀራት፤ ቤት ተቀምጣ በኮምፒውተር ስትማር ከርማ በቅርቡ ነው ክፍል የገባችው። እኔም ካዚኖው መልሶ ጠርቶኝ ወደ ካርድ ማደሉ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ሁላችንም አፋችንን ሸፍነን ስለምንሠራ፣ ደንበኛው መሣቁን የማውቀው ከዓይኑ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ አብሮኝ የሚሠራው ገብረጻድቅ ነው፤ እናቱን ሊጠይቅ ወደ እናንተው ይመጣል። ከደብዳቤው ጋር አንዲት ትንሽ ፍላሽ አለች። ዋለልኝ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካልዎታል፤ ግን እባክዎ ደብዳቤውን አንብበው ሳይጨርሱ አያስከፍቷት። በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ወረቀቱ ለምን አስፈለገ እንደሚሉ አውቃለሁ። የምጽፍልዎ ስለ ባለቤቴ ስለ ስጦታ ነው። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ በስልክ ስናወራ ሁልጊዜ አጠገቤ ናት። ሚስትን ደግሞ እፊቷ እንዲህ አድርጎ ማመስገን ለእኔ አይሆንልኝም።

ባለፈው ጥር ስጦታ ለልጅዎ ለእምነት ሠርግ ዘፍና እንድትልክ ጠይቀዋት ነበር። ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የሚባለውን፣ እኛ ስንጋባ እርስዎ ራስዎ ያስጠኗትን ዘፈን። ኮሮናው መንገዱን ስለዘጋብን፣ እናንተ ካልመጣችሁ ድምጿ ይምጣልኝ ብለው ነበር። ሳትልክ ቀረች። ቅር እንዳለዎት፣ አሜሪካ ገብታ ድምጿንም ነፈገችን እንዳሉ ደርሶናል። አልፈርድብዎትም፤ በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም ይከፋኝ ነበር። ግን እትዬ፣ ስጦታ አልነፈገችዎትም። የምትልከው ድምፅ አልነበራትም።

አይደንግጡ፤ አሁን ደህና ናት፣ ትሠራለች፣ ትሥቃለች። አምና ሐምሌ ላይ ጉንፋን ይዞን ነበር ያልንዎት ግን ጉንፋን አልነበረም። እኔን በትኩሳት አንገላቶ ተወኝ፤ እሷን ሆስፒታል አስገባት። ትንፋሽ ሲያጥራት በጉሮሮዋ ቱቦ ከትተው በማሽን አስተነፈሷት። ሰው አይገባም ስለተባለ እኔና ናኦሚ መኪናችን ውስጥ ተቀምጠን፣ የእሷ መስኮት የትኛው እንደሆነ እንኳ ሳናውቅ ፎቁን ስናይ እንውል ነበር። እግዚአብሔር መለሰልን። ቱቦው ሲወጣ ግን ድምጿ አብሮ ሄደ። መጀመሪያ ጭራሽ አልነበረም፤ ከዚያ ሹክሹክታ ሆነ፤ ከዚያ ያ በስልክ የሚሰሙት፣ ብርድ መትቶኝ ነው የምትልዎት ሻካራ ድምፅ መጣ። ሐኪሙም ለመነጋገር ያህል ይመለሳል፣ ለመዝፈን ግን ቃል አልገባልሽም አላት። ለማንም እንዳልናገር፣ በተለይ ለእርስዎ እንዳልናገር አስማለችኝ። ድምጿን ከሁላችን ቀድመው የወደዱላት እርስዎ ስለሆኑ ይመስለኛል። አሁን የምጽፍልዎ ራሷ ፈቅዳ ነው።

ቤት ገብታ በምታገግምበት ሰሞን አፏን ዘግታ ነበር የምትውለው። ማውራቱ ስለሚያደክማት ብቻ አይደለም፤ የራሷን ድምፅ መስማት አትፈልግም ነበር። ያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ አንድ ጊታር ነበር። ሱፊያን የሚባል ጎረቤታችን፣ ካዚኖዎቹ ሲዘጉ ሥራ አጥቶ ወደ ዴንቨር ሲሄድ መኪናው አልይዝለት ያለውን ዕቃ እኛ ዘንድ ትቶ ነበር፤ ጊታሩ አንዱ ነው። እኔ ገና ወደ ካዚኖው አልተጠራሁም፤ ኖርዝ ላስ ቬጋስ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እጭን ነበር። አንድ ቀን ከሺፍት ስመለስ፣ አያያዙን ስላላወቀችበት ጊታሩን እንደ ክራር ደረቷ ላይ አስደግፋ በአንድ ጣቷ ክሩን ስትነካካ አገኘኋት። እንዴት እንደሚቃኝ ስልኳ ላይ ስትፈልግ፣ ብሉዝ የሚሉትን እንጉርጉሮ የሚያስተምር አንድ ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ ወጥቶላት ኖሯል። ሰውየው አንድ ስንኝ ይልና ዝም ይላል፤ ጊታሩ ይመልስለታል። አስቀምጣ አሳየችኝና፣ «እየው፣ ግማሹን ብቻ ነው በአፉ የሚለው፤ የቀረውን ለክሩ ይተውለታል» አለችኝ። ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ያን ያህል የረዘመ ነገር ስትናገር የሰማሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆነች። አሁን ግሪን ቫሊ አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ኬክ ታስጌጣለች፤ ከሥራ እንደገባች እጇን ታጥባ ወደ ጊታሩ ነው። የግራ እጇ ጣቶች ጫፋቸው ቆስሎ፣ ተልጦ፣ አሁን እንደ ጫማ ሶል ጠንክሯል። ትንሽ ስትለምድ ደግሞ በኢንተርኔት አንድ ግሩፕ አገኘች። ቤታቸው ሆነው ብሉዝ የሚለማመዱ ሰዎች የተጫወቱትን ቀድተው እዚያ ይለጥፋሉ፤ ሌላው አዳምጦ ይኼኛው ጥሩ ነው፣ ያኛውን አስተካክል ይላቸዋል። ነርስ አለ፣ የጭነት መኪና ሾፌር አለ፣ ጡረተኛ አለ፤ በአካል የሚተዋወቅ የለም።

የምትቀዳው ልብስ የምንሰቅልበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ካፖርቶቹ መሐል ተቀምጣ ነው፤ ልብሱ የግድግዳውን ማስተጋባት ይውጥላታል። ቤቱን የሚያቀዘቅዘው ኤሲም ስለሚጮህ ይጠፋል። የዚህን አገር በጋ ነግሬዎታለሁ፤ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ላይ በበጋ ከሰዓት በኋላ ኤሲ ማጥፋት ምጣድ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። እኔና ናኦሚ ሳሎን ሆነን በላብ እየተጠመቅን፣ ጨረስሽ ወይ ብለን ለመጠየቅ እንኳ እንፈራለን። ልትጨርስ ስትል ከአየር ኃይሉ ሰፈር የተነሣ ጄት በላያችን ያልፋል። እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። አውሮፕላኑን የምራገመው እኔ ነኝ እንጂ እሷ ስትማረር አልሰማኋትም።

የመጀመሪያ ቅጂዋን ስትለጥፍ አንዱ፣ ይኼ ማንኪያ የሞላበት መሳቢያ ሲከፈት የሚሰማ ድምፅ ነው ብሎ ጻፈላት። ሌሎችም ሣቁ። እኔ ደሜ ፈላ፤ አጥፊውና ከነዚህ ሰዎች ውጪ አልኳት። እሷ ግን ቅጂውን መልሳ ከፍታ፣ አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ፣ ልክ ነው፣ ቀኝ እጄ ክሩን ይመታዋል እንጂ አይነካውም አለችኝ። በሳምንቱ ሌላ ቀድታ ለጠፈች። እኔ እትዬ፣ አንድ ደንበኛ ቢገላምጠኝ ሳምንት ሙሉ ስብሰለሰል የምከርም ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ጽናት ከየት እንዳመጣች እስካሁን ይገርመኛል።

ከግሩፑ ሰዎች መሐል አንዲት ሜምፊስ የሚባል ከተማ የምትኖር ሴትዮ አለች፤ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ናት። ብዙ አትጽፍም። አንድ ቀን ለስጦታ፣ «ጣቶችሽ ቦታቸውን አውቀዋል። ግን ማን እያባረረሽ ነው? የምትተነፍሺው የት ላይ ነው?» ብላ ጻፈችላት። ስጦታ ስልኩን አስቀምጣ በረንዳ ወጣች። ከዚያ ሁሉ ማሽን በኋላ ስለ ትንፋሽ መጠየቋ አስከፍቷት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ተመልሳ ስትገባ ግን ፊቷ ሌላ ነበር። ስዘፍን የት እንደምተነፍስ አውቅ ነበር፣ ክር ትንፋሽ አይፈልግም ብዬ ነው የረሳሁት አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስትጫወት ከንፈሯን ገጥማ ውስጥ ውስጡን ትዘፍናለች፤ ለትንፋሽ የምታቆምበት ቦታ ስትደርስ ጣቷም ያቆማል። እኔ ጆሮ እንደሌለኝ ያውቃሉ፤ የትምህርት ቤቱን መዘምራን ሲያሠለጥኑ፣ አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ለውጡ ግን ለእኔም ተሰማኝ። የሜምፊሷ ሴትዮ አዲሱን ቅጂ ሰምታ የጻፈችው፣ አሁን ሰው ሰማሁ የሚል ብቻ ነበር።

የሠርጉ ጥያቄ የደረሰን በዚህ መሐል ነው። ለእምነት ስትል በድምጿ ልትሞክር ያቺ የልብስ ክፍል ውስጥ ገባች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። የመጀመሪያው ስንኝ ወጣላት፤ ዜማው ከፍ የሚልበት ላይ ሲደርስ ድምጿ ተሰበረ። ደጋግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ወጥታ፣ ቅጂውን አጠፋሁት አለችኝና ወጥ ልታሞቅ ሄደች። በጊታር ላኪላቸው ብላት፣ የእናትን ዘፈን በብሉዝ ብልከው የቀለድኩባቸው ይመስላቸዋል አለች። እንዲህ ነው ዝም ያልንዎት።

የሠርጉ ቪዲዮ ሲደርሰን አብረን አየነው። እምነት ከቤት ስትወጣ ሰው አጨበጨበ፤ ያ ዘፈን ሳይባል መኪናው ተነሣ። ስጦታ እዚያ ቦታ ላይ እየመለሰች አየችው። በማግስቱ ዘፈኑን ክሩ ላይ ትፈልግ ጀመር። ከፋሲካ በኋላ ነው አሁንስ ይሰማልኝ ብላ ቀድታ የለጠፈችው። እንዴት እንደወደዱት ቢያዩ! ብቻ አንድ ጎበዝ የሚባል ተጫዋች፣ ዜማው ከፍ በሚልበት ቦታ ላይ ክሩን በጣትሽ ገፍተሽ ድምፁን ከፍ ስታደርጊ ልኩ ጋ ሳትደርሺ ትተሽዋል፣ ትንሽ ጨምሪበት አላት። ሌሎቹም ተስማሙ። እንዳሉት አስተካክላ ደግማ ቀዳችው፤ ሁሉም አሁን ልክ ገባ አሉ። የሜምፊሷ ሴትዮ ግን እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ዘፈኑን አላውቀውም። ሁለተኛው ለእኛ ጆሮ ይመቻል። የመጀመሪያውን ግን አንድ ሰው እንዲህ አድርጎ ያስተማረሽ ይመስላል። እሱን ሳትጠይቂ አታስተካክይው።»

ስጦታ ይህን አንብባ ሁለቱንም ቅጂዎች ደግማ አዳመጠች። ከዚያ፣ «ያስተማሩኝ እትዬ ታየች ናቸው። ሁለቱንም ላክላቸው። የጉሮሮዬንም ነገር ንገራቸው» አለችኝ።

ፍላሿ ላይ ያሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አንድ ነገር ልለምንዎ። አዝነውላት ብቻ ጎሽ፣ አበጀሽ እንዳይሏት። ይሉኝታውን ከእውነቱ የምትለይ ሰው ሆናለች፤ ታውቅብዎታለች። መዘምራኑን ሲያርሙ እንደነበረው፣ የጎደለውን ጎደለ ይበሏት። ካላማራቸውስ ብዬ ስጠይቃት፣ እለማመደዋለሁ ነው ያለችኝ። ድምጿን ወድጄ ነው ያገባኋት እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ነው የኖርኩት። ለካ ያገባሁት፣ ያ ድምፅ ሲሄድባት በሚሥቁባት ሰዎች ፊት ቁጭ ብላ ከሀ ሁ የምትጀምር ሴት ኖሯል።

ጋሽ የሺዋስን ጉልበትዎን ስሞ ሰላም ብሎዎታል ይበሉልኝ፤ የዓይን ጠብታውን እንዳይተዉ ይቆጧቸው። ዋለልኝን ስለ ሥራው ራሱ እንዲጽፍልኝ ይንገሩት፣ ናፍቆኛል። እምነትን ግንባሯን፣ ሐዲስን ትከሻውን ይሳሙልኝ፤ ለሠርጋቸው ባለመድረሳችን ዛሬም ይቆጨናል። ናኦሚ፣ አክስቴን በጣም በጣም እወዳታለሁ በል ብላኛለች፤ ጽፋው ነበር፣ ፊደሏ ተገልብጦባት አፍራ ቀደደችው። እርስዎን ጤና ይስጥልኝ፤ ጉልበትዎን ያስታምሙ።

ወንድምዎ ፊሊጶስ

እትዬ፣ ስጦታ ነኝ። ፊሊጶስ ያነበበልኝን ያህል አይደለሁም፣ አብዝቶታል። የቱ የእርስዎ እንደሆነ ይንገሩኝ፣ እጠብቃለሁ። ለእምነት ግን መልስዎን ሳልጠብቅ ልንገርዎት፣ የመጀመሪያውን ያሰሙልኝ።

ላስ ቬጋስ፣ ግንቦት 21 ቀን 2013 ዓ.ም.