ሞተሯ እየጮኸች

ኮልፌ፣ ግንቦት 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለፀሐዬ፤ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ከአያታችን ቁጣ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

አንድ ከባድ ኃጢአት ልናዘዝ፦ የአያታችንን የሆድ መድኃኒት፣ ያንን የጉሎ ዘይት፣ ሰርቄ ከቤንዚን ጋር ቀላቀልኩት። የእሳቸው ሆድ ቢዘጋም ያንተ ሞተር ሳይክል ተነስታለች። ስትዘምት ያለ ሞተር ለተውካት፣ ጉድባ ትዘልባት ለነበረችው ለእሷ፣ ቆሼ ከተጣለች የጀርመን መኪና የፈታሁትን ትልቅ ሞተር ገጠምኩላት። ስትጮህ የቤቴል ውሾች ይመልሱላታል።

የእድር ሽማግሌዎቻችን ግን ጠሏት። ከሰኞ ወዲህ በየማለዳው እየመጡ፣ ዝናብ እንደመታቸው ዶሮዎች ጋቢ ተከናንበው አጥራችን ሥር ይደረደራሉ። ሰብሳቢያቸው አቶ ሀብተሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው እማዬን፣ «ወይዘሮ ወለተጻድቅ፣ እንግዲህ...» ማለት ሲጀምሩ ሞተሩን አስነሳባቸዋለሁ። እማዬ ትስቃለች። «ተዉት፣ ለወንድሙ እያሟሟቀለት ነው» ትላቸዋለች። አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ።

ዛሬ የንስሐ አባታችንንም ይዘው መጥተዋል። ስለዚህ ሞተሩን ሳላጠፋ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልህ፤ እጅ ጽሑፌ ቢንቀጠቀጥ በእሱ ፍረድ። ደብዳቤህ ከተቋረጠ ወራት አልፈዋል፤ እባክህ ዛሬውኑ ጻፍልን፤ ሁለት መስመር ይበቃናል።

በናፍቆት ሰላም የምልህ ታናሽ ወንድምህ፣

ስሜን ልጽፍ ስል፣ «ዳኛቸው!» አሉኝ አቶ ሀብተሥላሴ፣ ትከሻዬን ይዘው። «ይብቃ ልጄ፤ አጥፋው።»