ሁለተኛው ገጽ

አሰላ፣ መጋቢት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለበእውቀቱ
ድሬዳዋ

እንደምን ሰነበትክ? ሙቀቱን ለመድከው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ» ያልኩህ ለደብዳቤ ወግ ያህል ነው፤ ዝቅ ብለህ ስታነብ እውነቱን ትደርስበታለህ። ፊደሌ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል ቢመስልህ አትሳቅብኝ። የምጽፈው በግራ እጄ ነው፤ ይህችን ደብዳቤ ከጀመርኳት ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ስልክ ብደውልልህ አላነሳህም። «በስልክ መልእክት ላኪለት» ያለኝ ሰው ነበር። እጄን የወሰደብኝ መልእክት ነውና ይቅርብኝ አልኩ።

የሰርግ ካርድህ ደርሶኛል። ሚያዝያ 18 ጥሩ ቀን ነው፣ ጾሙም ይፈታል። ስሜን ከአባታችን ስም ቀጥለህ «አሳዳጊ እህቱ ወ/ሮ የምስራች» ብለህ አስገብተኸዋል። ጎረቤት ተሰብስቦ እልል አለልኝ፤ እኔም አብሬ አልኩ። ሰዎቹ ሲሄዱ ካርዱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ምንም የለበትም። አሁን አሁን ወረቀት በእጄ ከገባ ጀርባውን ሳላይ አላስቀምጥም፤ ዘግይቶ የመጣ ጠባይ ነው።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩበት ቦታ ላይ አሁን ሌላ ማመልከቻ ጸሐፊ ተቀምጧል። ጃንጥላዬን ሸጥኩለት። ባለፈው ሳምንት ከጢቾ የመጡ አንድ አዛውንት ቤቴ ድረስ ጠይቀው መጡና «አዴ የምስራች፣ የመሬት ነገር ነው፣ አንቺ ካልጻፍሽልኝ ዳኛው ነገሬን አይሰማም» አሉኝ። ቀኜን አሳየኋቸው። ሦስቱ ጣቶች አይታጠፉም፣ ብዕር አይዙም። ሽማግሌው እጄን አገላብጠው አዩና «ዋቃ ይማርሽ» ብለው ወጡ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ አለቀስኩ። እንጀራዬ ይሄው እጅ ነበር፤ አንተንም ያሳደገህ እሱ ነው።

ያን ቀን ረስተኸው አይደለም የምጽፍልህ። ግንቦት 12 ቀን 2016፣ ዜብራው ላይ ነበርን፤ አንተ ጠረጴዛዬን ተሸክመህ ከኋላዬ ነበርክ። የይስሃቅ ፒካፕ ከላይ መጣ። መኪናውን አላየሁትም፣ የሰማሁት ያንተን ድምፅ ነው። «ስልክ ላይ ነው! ኧረ ልጁ ስልክ ላይ ነው!» ብለህ ጮህክ። አንገቱን ደፍቶ እየጻፈ እንደነበር ያየህ አንተ ብቻ ነህ፤ ለትራፊክ ፖሊሱም በዚያው ሰዓት ይህንኑ ቃል ሰጠህ።

ሆስፒታል ስተኛ ይስሃቅ አንድ ቀን መጥቶ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ተመለሰ። እህቱ ናዝሬት፣ የዛሬዋ ሙሽራህ፣ ግን አንድም ቀን አልቀረችም፤ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ትመጣለች፣ ፀጉሬን ታበጥራለች። አንተ ከአልጋዬ በዚህ በኩል፣ እሷ በዚያ በኩል ቆማችሁ አጥሚቱን ስትቀባበሉ ዓይናችሁን አይቼዋለሁ። በዚያ ሕመም መሃል ሳቅኩ። «ከዚህ ክፉ ነገር አንድ ደግ ነገር ወጣ» አልኩ ለራሴ። ሞኝ አትበለኝ፣ አሁንም ልጅቷን እወዳታለሁ።

ሐምሌ ላይ ሽማግሌ መጣ። እርቅ ደም ያድርቅ ይባል የለ? የአባታችን ጓደኛ ጋሽ ገብረኪዳን መነጽራቸውን አድርገው አንተ በኮምፒውተር የጻፍከውን ወረቀት ጮክ ብለው አነበቡት። ይስሃቅን ይቅር ብያለሁ፣ እንዲታሰር አልፈልግም፣ ቤተሰቡ ያሳክሙኛል፣ እጄ ካልዳነ ግን ካሣ የመጠየቅ መብቴ የተጠበቀ ነው የሚል ነበር። አሜን አልኩ። ወረቀቱን ልየው ብዬ ግራ እጄን ስዘረጋ አንተ ምን አልከኝ? «እታለም፣ እኔ የጻፍኩትን? በሽማግሌ ፊት?»

እጄን ሰበሰብኩ። ሽማግሌ ያነበበውን ተቀብሎ ደግሞ ማንበብ «አላመንኳችሁም» ማለት ነው፤ አባታችን ከመቃብሩ ይነሳብኝ ነበር። ገበሬውን ሁሉ «ሳታነብ እንዳትፈርም!» እያልኩ ስቆጣ የኖርኩ ሴት ሳላነብ ፈረምኩ። ፈረምኩም አይባል፤ ቀኝ እጄ ጄሶ ውስጥ ስለነበር የግራ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክተህ፣ ራስህ ይዘህ፣ ራስህ አሳረፍከው። «እዚህ ጋ፣ እታለም፣ ለቅጂውም እዚህ ጋ» አልከኝ። ከዚያ ጣቴን በራስህ መሐረብ ጠረግክልኝ። ለእኔ አዝኖ ነው ብዬ ነበር።

መስከረም ላይ ድሬዳዋ ሥራ አገኘህና ሄድክ። እኔ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አደረግሁ፣ ጠበቅሁ። ዘንድሮ ጥር ላይ ሐኪሙ «ከዚህ በላይ አይስተካከልም» አለኝ። ያኔ ሩዋይዳ ጋ ሄድኩ። የምታውቃት ናት፣ ድሮ ለልምምድ መጥታ አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችው፤ አሁን ጠበቃ ሆናለች። ዶሴዬን አይታ ደስ አላት። «እትዬ፣ መንገድሽ ብዙ ነው» አለችኝ። «የወንጀሉ ጉዳይ በእርቁ ቀልሎ ተዘግቷል፣ እሱን ተዪው። ካሣው ግን አለ። ሹፌሩን መክሰስ ትችያለሽ፣ የመኪናው ባለቤት አባትየው ናቸውና እሳቸውንም ትችያለሽ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድን አለ። በዚያች ደቂቃ መልእክት መላኩን ቴሌ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያወጣልናል። ስልኩ እሱ እጅ ላይ እንደነበር የሚናገር የዓይን ምስክር ደግሞ አለሽ፣ ወንድምሽ!»

በደስታ ተያይዘን መድን ድርጅቱ ሄድን። ሠራተኛው ሰምቶን ሲያበቃ አንድ ፋይል ከፈተና ወረቀት ገፋልኝ። ገጽ ሁለት ይላል። ከሥሩ የእኔ አሻራ አለ።

ሁለተኛ ገጽ እንዳለ የማውቀው ነገር የለም፣ በእውቀቱ። ከዜብራው ውጪ ድንገት ገብቼ ነው የተገጨሁት ይላል። ሹፌሩ ስልክ አልነካም ይላል። ወንድሜ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ከድንጋጤ የተነሳ ነው ይላል። ከእንግዲህ በማንም ላይ ካሣ አልጠይቅም ይላል። ጋሽ ገብረኪዳን ጋ በዚያው እግሬ ሄድኩ። ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ በማርያም እምላለሁ፣ የሰጡኝም ያነበብኩትም አንድ ገጽ ነው» አሉኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ሌላ ሰው የጨመረበት እንዲሆን ተመኘሁ። የይስሃቅ አባት ይሆናል አልኩ፣ ሌላ ጸሐፊ ይሆናል አልኩ። ከዚያ የገጹን ታች አየሁት። ከጎኔ ተቀምጠህ ሥራ ስትጀምር መጀመሪያ ያስተማርኩህን ታስታውሳለህ? ከጽሑፉ በታች የተረፈውን ባዶ ቦታ ከጥግ እስከ ጥግ በመስመር ዝጋው፣ ሁለቱን ጫፍ በአጭር ጭረት እሰረው፣ ያልተባለ ነገር ማንም እንዳይጨምርበት። በአሰላ እንደዚያ የሚዘጋ ከእኔና ካንተ ሌላ የለም። ባዶው ቦታ በደንብ ተዘግቷል፤ ጭረቶቹም አሉ። ሰው እንዳይሰረቅ ያስተማርኩህን ሙያ እኔን ስትሰርቀኝ እንኳ አልረሳኸውም።

ተናድጃለሁ። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። ናዝሬትን እንዳይከለክሉህ ፈርተህ እንደሆነ ይገባኛል፤ ሰው ይወዳል፣ ሰው ይፈራል። ግን መጥተህ «እታለም፣ ካሣውን ተዪልኝ፣ ልጅቷን እንዳላጣት» ብትለኝ ኖሮ ምን የምልህ ይመስልሃል? እናታችን ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርክ፤ ከዚያ ወዲህ ለምነኸኝ የከለከልኩህን አንድ ነገር ጥራልኝ። የሚያቃጥለኝ እጄ አይደለም። ሳትጠይቀኝ መውሰድህ ነው። ናዝሬት ታውቅ እንደሆነ አልጠይቅህም፤ ባታውቅ ነው የምመርጠው።

ይስሃቅ አሁንም ይነዳል። ባለፈው በዚያው ዜብራ አጠገቤ አለፈ፤ በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ስልክ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ግንቦት 12 ሁለት ዓመት ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ ይርጋ ያግደኛል። ሩዋይዳ ሁለተኛው ገጽ በማታለል የተገኘ ነውና ይሰረዝ፣ ካሣውም ይከፈል የሚል ክስ አዘጋጅታለች። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአደራ ልኬልሃለሁ። አንደኛ ተከሳሽ ይስሃቅ ነው፣ ሁለተኛ አባቱ፣ ሦስተኛ መድን ድርጅቱ። አራተኛው መስመር ባዶ ነው። ዝቅ ስትል የምስክሮች ዝርዝር አለ፤ እዚያም የመጀመሪያው መስመር ባዶ ነው። ሩዋይዳ «አራተኛው ላይ ወንድምሽን እናስገባ» ብትለኝ እንቢ አልኳት። «ምስክር እናድርገው» ስትለኝም እንቢ አልኩ። ስምህን እኔ አልጽፈውም።

ከሁለቱ መስመሮች የምትገባበትን አንተ ምረጥ። በራስህ እጅ ጻፈውና የቀረውን ባዶ በመስመር ዝጋው፤ እንዴት እንደሚዘጋ አስተምሬሃለሁ። ወረቀቱ ለዳግማይ ትንሣኤ ተመልሶ ካልደረሰኝ ሩዋይዳ የምታደርገውን ታድርግ፣ እኔ አልይዛትም። ስትፈርም ግን ሁሉንም ገጽ አንብብ፣ ጀርባውንም እይ።

ሰርግህ ላይ እመጣለሁ። በየትኛውም መስመር ብትገባ እመጣለሁ፤ ካርዱ ላይ አሳዳጊ ብለኸኛልና። ትዳርህን የአብርሃምና የሣራ ያድርግልህ። ልጆች ውለድ፣ ልጆችህም ምንም አይደብቁህ። የድሬዳዋ ፀሐይ አናትህን እንዳይጎዳህ ኮፍያ አድርግ።

አሳዳጊ እህትህ
የምስራች
በግራ እጄ፣ ማንም ሳይዝልኝ