የማይሸተው ብልቃጥ

እህት ዓለሜ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ደረጃው አቃተኝ ያልሽኝ ከልቤ አልወጣም። እኔ ከሳሉ በቀር ደህና ነኝ።

ወሬው ደርሶሻል። ፕሮፌሰራችን ከአንድ የውጭ አገር ባልደረባቸው ጋር ትልቁን ዓለም አቀፍ የኬሚስትሪ ሽልማት አገኙ። ያሸለማቸው ከውሃ ውስጥ መርዝ ለቅሞ የሚያወጣው ነጭ ዱቄት ነው። ቤተ ሙከራው በደስታ ተቃቀፈ። ዘበኛው ሳይቀር ከረቫት አስሮ መጥቶ፣ በሩን የጠበቅኩት እኔ ስለሆንኩ ድርሻዬን እያለ ሲያስቅ ዋለ። እኔ ብልቃጥ ሳጥብ ዋልኩ።

የልጅሽ ስም የለበትም። ለሞተ ሰው አይሰጥም አሉ። ፕሮፌሰሩ ግን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቅዳሜ በሚያደርጉት ንግግር ሊያነሷት ቆርጠዋል። ንግግሩ በሬዲዮ ይተላለፋል። ከእሳቸው አፍ ከመስማትሽ በፊት ከእኔ ስሚው።

እኛ ዘንድ አንድ ልማድ ነበር። ድኝ ያለበት ኬሚካል ሲሞቅ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሥራው ሲያልቅ ሽታው ይጠፋል። ናሙናው በመሣሪያ እስኪመረመር ማን ይጠብቃል? የብልቃጡን ክዳን ገለጥ አድርገን አየሩን በእጃችን ወደ አፍንጫችን እናራግባለን። ልጅሽን ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከሁላችን ስለበለጠች "አነፍናፊዋ" አልናት፤ ስሙን ወደደችው።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ስድስት ሰዓት የሚፈጀውን ሥራ በሁለት ሰዓት አቋርጣ ማሞቂያውን አጠፋች። "አክስቴ፣ ይሄ አይሸትም፤ ጨርሷል" አለችኝ። መዝገቡም ላይ እንዲሁ ጻፈች። በማግስቱ ብልቃጡ ሥር ማንም አይቶት የማያውቅ ነጭ ነገር ረግቶ ተገኘ። ዛሬ ዓለም የሚያወራለት እሱ ነው። ፕሮፌሰሩ ቅዳሜ፣ ከመሣሪያ የቀደመች አፍንጫ ነበረችን ይላሉ። ሰው ያጨበጭባል።

እህት ዓለሜ፣ ያን ቀን እሷ ዞር ስትል ክዳኑን ከፈትኩት። ዓይኔ እስኪያነባ ገማኝ፤ ያ ጋዝ መርዝ ነው፣ የእሷን አፍንጫ አደንዝዞት ነበር። መልሼ ከደንኩትና ከጽሑፏ ሥር "አይቼዋለሁ" ብዬ ፈረምኩ። የአየር መሳቢያው ከተበላሸ ወር አልፎት ነበር። ብናገር ክፍሉ ይታሸጋል፣ እሷም ለምርመራ ትላካለች፤ ቋሚ ቅጥሯ የሚጸድቀው ደግሞ በዚያው ወር ነበር። ይጽደቅላትና እናገራለሁ አልኩ። ጸደቀ። ከዚያ በኋላ ታማ እስክትወድቅ እዚያው ክፍል ስምንት ወር ሠራች። ምግብ አልጣፍጥ አለኝ ስትለኝ ጉንፋን ነው አልኳት።

ሆስፒታል ኮሪደሩ ላይ ይዘሽኝ፣ የሚያማት ነገር እንዳለ ነግራሽ ነበር ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። አልነገረችኝም አልኩሽ። ቃሉስ እውነት ነበር፤ አውቀሽ ነበር ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም።

ትናንት መዝገቡን ይዤ ፕሮፌሰሩ ዘንድ ገባሁ። ፊርማዬን አሳይቼ የሸተተኝን ነገርኳቸው። የሆነው ሆኗል፣ እናቷን ደግመሽ አታስለቅሻት አሉኝ። ንግግሩ አልተለወጠም።

የመዝገቡን ገጽ ኮፒ ከዚህ ጋር አድርጌልሻለሁ። ከላይ ያለው የእሷ እጅ ነው፤ ከታች ያለው የእኔ።

አምላክ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ ልብሽንም ያጽናው። መልስ ስጪኝ አልልሽም።

የልጅሽ አክስት